የአልማዝ ፈርጥ ያለው ሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ወይም ለሠርግ በስጦታ የመጣ የአልማዝ ሰዓት በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በሰው እጅ ይታያል። ስለ እንዲህ ያለው ሰዓት የሚወራው ብዙው ነገር ግን ባለቤቱን ያከስራል።

«17 ጁውልስ (የከበሩ ድንጋዮች) የሚል ሰዓት ውስጡ 17 አልማዝ አለው»

የለውም። ይህን አምኖ ከአያቱ የወረሰውን ሰዓት የሚያስፈታ ሰው መኖሩ ያሳዝናል። ቁጥሩ የሚናገረው በአብዛኛው የጥርሶቹ ዘንጎች ስለሚሽከረከሩባቸው ጥቃቅን ሩቢዎች ነው፤ ዘንጉ ከብረት ጋር ተፋትጎ እንዳይበላ ይከላከላሉ። ለዚህ አሠራር በለንደን የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1704 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኑይ በ1902 እ.ኤ.አ. ሩቢን በነበልባል ማምረት እንደሚቻል ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ድንጋዩ ሰው ሠራሽ ሆኗል፤ ተነቅሎ ቢሸጥ ዋጋ አያወጣም።

«ፈርጡ በበዛ ቁጥር ሰዓቱ ይወደዳል»

1.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አልማዝ 0.01 ካራት ገደማ ነው። እንዲህ ያለው 40 ፈርጥ ቢደመር 0.4 ካራት፣ ማለትም 0.08 ግራም ብቻ ይሆናል። በጥራት እኩል የሆነ አንድ ባለ 0.4 ካራት ድንጋይ ከአርባዎቹ ድምር እጅግ ይበልጣል። ጀርባው ላይ የተመታው «750» የወርቁን ንጽሕና እንጂ ፈርጡን አይመለከትም።

«አልማዝ አይሰበርም»

የድንጋይ ጥንካሬ በሚለካበት የሞስ መለኪያ 10 መሆኑ በቀላሉ እንደማይጫር ያሳያል እንጂ ምት ይችላል ማለት አይደለም። በተፈጥሮው የሚሰነጠቅባቸው አራት አቅጣጫዎች ስላሉት ጠርዙ ከበር እጀታ ጋር ቢጋጭ ሊላጥ ይችላል። ሌላውን ግን ይጭራል፤ የሳፋየር መስታወት 9 ስለሆነ ሁለት ሰዓት አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም።

«መሞከሪያው ከጮኸ እውነተኛ ነው»

ርካሹ መሞከሪያ የሚለካው ድንጋዩ ሙቀት ማስተላለፉን ብቻ ነው፤ አልማዝ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሞይሳናይትም በደንብ ስለሚያስተላልፍ ያልፋል። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ ድንጋዩን ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት የጀርባው ጠርዞች ድርብ ሆነው ከታዩ አልማዝ አይደለም።

«የወደቀ ፈርጥ ማንም ወርቅ ሠሪ ይመልሰዋል»

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ወርቅ ሠሪ እጁ የሠለጠነ ነው፤ ሰዓት ግን ቀለበት አይደለም። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪው ጀርባውን ከፍቶ ሞተሩን ያወጣል፣ መስታወቱንና የጎማ ማሸጊያውን ያነሣል። ወርቅ ሠሪው የሚረከበው ባዶውን አካል ነው። መቀመጫው በድንጋዩ ልክ ይጠረባል፤ ድንጋዩ እስከ ወገቡ ገብቶ ሳይወዛወዝ ሲያርፍ ከወርቁ የተነሡት ጥቃቅን ጥፍሮች በላዩ ይታጠፋሉ። መቀመጫው ከሰፋ ድንጋዩ ተመልሶ ይወድቃል፤ ከጠበበ ጥፍሩ ሲገፋ ይሰነጠቃል፤ ከሚገባው በላይ ከጠለቀ ቀዳዳው ውሃ ያስገባል። ሞተሩ ሳይወጣ እሳት ከነካው ዘይቱ ይደርቃል፣ ማሸጊያውም ይበላሻል። አይዝጌ ብረት ከወርቅ ይልቅ ስለሚጠነክር ጥፍሩን ማጠፍ ያስቸግራል፤ ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ፈርጣቸው በሙጫ የተያዘበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጥሩ ሰዓት ላይ ሙጫ የሚያንጠባጥብ ጠጋኝ ካያችሁ ሰዓታችሁን ተቀበሉት፤ ሙጫው ከድንጋዩ ጀርባ ገብቶ ብርሃኑን ያፍነዋል።

«አልማዙ አርጅቶ ደበዘዘ»

አልማዝ ቅባት ይይዛል፤ በማዕድን ማውጫዎች ከሌላው ድንጋይ የሚለዩት ግራሶ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በማሳለፍ ነበር። ፀጉር ቅቤ የቀባ እጅ ከነካው በአንድ ቀን ይደበዝዛል። ጀርባው ላይ 5 ባር (ውሃ የመቋቋም መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ማሸጊያው ያላረጀ ከሆነ፣ በጎኑ ያለው መሙያ ወደ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡና ለብ ባለ ውሃ፣ በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ እሹት። ካልሆነ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። የሚያንቀጠቅጠው ማጽጃ የላላ ጥፍር ይፈታል፣ ሞተሩንም ይጎዳል። ካደረቃችሁት በኋላ እያንዳንዱን ፈርጥ በእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ የሚንቀሳቀስ ካለ ሰዓቱ እስኪጠገን ድረስ አይታሰር።