ታንኳዎቹ ሲመለሱ፦ የፓስፊክ ዳርቻ ሕዝቦች የታንኳ ጉዞ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛትና በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች፣ ክረምት ከበጋ ውሃ ዳር የኖሩ ናቸው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ሐምሌ ሲደርስ ታንኳቸውን አውርደው ለጉዞ ይነሳሉ። ጉዞው በእንግሊዝኛ ትራይባል ካኑ ጆርኒስ ይባላል፤ የጎሳዎች የታንኳ ጉዞ እንደማለት ነው። ውድድር አይደለም። ማን ቀድሞ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ጎሳ ያስተናግዳል፣ ሌሎቹ ከየመንደራቸው ቀዝፈው እሱ ጋ ይሰበሰባሉ። ራቅ ካለ ቦታ የሚመጡት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ማታ ማታ መንገድ ላይ ባሉ መንደሮች እያደሩ ይሄዳሉ፤ በየደረሱበትም ሌላ ታንኳ ይቀላቀላቸዋል። አንዳንድ ዓመት መድረሻው ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ታንኳዎች ይታያሉ።

ከሁሉም የሚያምረው የአደራረስ ሥርዓቱ ነው። ታንኳዎቹ ዝም ብለው ዳር አይወጡም። ውሃው ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ሽቅብ ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ በሰላም መጣን ማለታቸው ነው። ከዚያ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ወጣት ልጅ፣ ታንኳው ውስጥ ይነሳና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ይነግራል። ደክሞናል፣ ርቦናል፣ ወደ ምድራችሁ እንድንወጣ ፍቀዱልን ይላል። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። ዳር የቆሙት የአስተናጋጁ ጎሳ ሽማግሌ መልስ ይሰጣሉ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ምግብ ተዘጋጅቷል፣ ግቡ። ያኔ ብቻ ታንኳው ዳር ይወጣል። ንግግሩ በተቻለ መጠን በራሳቸው ቋንቋ ነው። ለአንዳንዱ ልጅ የአያቶቹን ቋንቋ ሰው ፊት የሚናገርበት የመጀመሪያው ቀን ይሄ ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢሰጠኝ ይቺን ቅጽበት እመርጣለሁ።

ይህ ልማድ ሊጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው። ካናዳ ውስጥ ፖትላች የሚባለው ታላቁ የድግስና የስጦታ ሥርዓት ከ1885 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሎ ነበር። ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ሞተር ጀልባ መጣ። ታንኳ ጠራቢዎቹ አረጁ፣ ተተኪም አጡ።

መነቃቃቱ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳርቻ የምትገኘው የቤላ ቤላ ነዋሪዎች የሆኑት ሄይልትሱኮች በ1986 እስከ ቫንኩቨር ድረስ ቀዘፉ። በ1989 ደግሞ ዋሽንግተን ግዛት የሆነችበት 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ የኩዊኖልት ጎሳ ተወላጁ መምህር ኢሜት ኦሊቨር ነባሮቹ ሕዝቦች ከበዓሉ ውጭ መሆን የለባቸውም አሉ። በሳቸው አነሳሽነት ጎሳዎች አዲስ ታንኳ ጠርበው ወደ ሲያትል ቀዘፉ። እዚያ የተገኙት ሄይልትሱኮች ሁሉንም ወደ አገራቸው ጋበዙ። በ1993 ብዙ ታንኳዎች ቤላ ቤላ ደረሱ። ጉዞው ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። ኦሊቨር በ2016 በ102 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ዘር የዘሩበትን ማሳ ሲያፈራ አይተዋል።

ባህላዊው ታንኳ የሚሠራው ከአንድ ግንድ ነው፤ ከቀይ ዝግባ። ግንዱ በመጥረቢያ ይፈለፈላል። ጠራቢው ከውጭ በኩል እኩል ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች ይበሳና በእንጨት ሽብልቅ ይደፍናቸዋል። ከውስጥ ሲፈለፍል የሽብልቁ ጫፍ ብቅ ሲል ያቆማል፤ ግድግዳው የሚፈለገው ውፍረት ላይ ደርሷላ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ እሳት የጋለ ድንጋይ ይጨመራል፣ ይሸፈናል። እንጨቱ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል። ያኔ ጎንና ጎኑን በአግዳሚ እንጨት እየወጠሩ ይከፍቱታል። ታንኳው ግንዱ ከነበረው ስፋት በላይ የሚሰፋው በዚህ ዘዴ ነው። ዛሬ ለዚህ የሚሆን ትልቅና አሮጌ ዝግባ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ከዝግባ ጣውላ የተገጣጠሙ፣ ከፋይበርግላስ የተሠሩም ይመጣሉ። ከአንድ ግንድ አልተሠራህም ተብሎ የሚመለስ ታንኳ የለም።

ታንኳው እንደ ሕይወት ያለው ነገር ይከበራል። በብዙ ቡድኖች ዘንድ «ጀልባ» ብሎ የጠራው ሰው ውሃ ውስጥ ይዘላል፤ የማይረሳ ትምህርት ነው። አብረው የሚጓዙት «የታንኳ ቤተሰብ» ይባላሉ፤ በመኪና እየተከተሉ ድንኳን የሚተክሉትና ምግብ የሚያበስሉትም ጭምር። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ባሕሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ምሕረት የለውም። በ2006 አንድ ታንኳ ተገልብጦ አንድ የጎሳ አለቃ ሕይወታቸው አልፏል። ለዚህ ነው አጃቢ ጀልባዎች ከታንኳዎቹ የማይርቁት።

ሁሉም ከደረሱ በኋላ ፕሮቶኮል የሚባለው ይጀመራል። እያንዳንዱ ጎሳ በተራው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ስጦታ ይሰጣል። ቀናት ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሌሊቱ ይነጋል። ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣው መጀመሪያ ይገባል። አስተናጋጁ፣ እንግዶቹን ሁሉ ካስቀደመ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ከበሮውን ያነሳል።