አሥር አልሞላችም ማለት ምን ማለት ነው?

ስድስት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። ከፊቴ ያለችው እናት ከንፈሯ ተሰንጥቆ የተወለደች ሕፃን ታቅፋለች። «አሥር አልሞላችም ብለው መለሱኝ። አሥር ዓመት ልጠብቅ ነው እንዴ?»

ኧረ የለም! ነገሩ ከንፈር ከመሰፋቱ በፊት የሚታይ የቆየ መመዘኛ ነው፦ 10 ሳምንት ዕድሜ፣ 10 ፓውንድ ክብደት፣ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 10። የሚያደናግረው ፓውንዱ ነው። እኛ የምንመዝነው በኪሎ ነዋ! ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሐሳቡ ሕፃኗ ማደንዘዣውን እንድትችል ነው። ድርቅ ያለ ሕግ ግን አይደለም፤ ሐኪሙ የልጅቷን ሁኔታ አይቶ ይወስናል።

ላንቃም (የአፍ ጣሪያ) ተሰንጥቆ ከሆነ የሱ ቀጠሮ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሰፋል፣ ልጅ አፉን ሳይፈታ። ላንቃ ክፍት ከሆነ አየሩ በአፍንጫ ይሾልካል። ልጁ «አባባ» ሲል «አማማ» ሊመስል ይችላል። (አባትየው እንዳይቀየም!) ከተሰፋ በኋላም አንዳንዱ የንግግር ሕክምና ያስፈልገዋል። ጆሮም ይታይ፤ ውስጡ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

እስከዚያ ዋናው ሥራ ኪሎ መጨመር ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ይከብደዋል። ወተቱን አልቦ፣ ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ፣ በንጹሕ ሲኒ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማጠጣት ይቻላል። በየመሀሉ ማስገሳት ነው።

«ስንት ኪሎ ሆነች?» አልኳት።

«ሦስት ከስምንት መቶ።»

700 ግራም ቀርቷታል።