ባህላዊ መልክዓ ምድር ምንድን ነው? የመኪና ማቆሚያውም ነው

«ባህላዊ መልክዓ ምድር» የሚለው ስያሜ በጽሑፍም ሆነ በውይይት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ያረጀ፣ የሚያምርና ለጎብኚ የሚታይ ስፍራን ነው። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ በመስታወት ሕንጻዎችና በሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች የተሞላን ሰፈር «ባህል የሌለው መልክዓ ምድር» ሲሉ ገልጸውታል። ሰው የሠራው ሆኖ ባህል የሌለው መልክዓ ምድር ግን የለም።

አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ካርል ሳወር እ.ኤ.አ. በ1925 ሐሳቡን ሲቀምር አድራጊው ባህል፣ የሚሠራበት ነገር የተፈጥሮ አካባቢ፣ ውጤቱም ባህላዊ መልክዓ ምድር መሆኑን አስቀመጠ፤ ዕድሜም ሆነ ውበት በቀመሩ ውስጥ አልገቡም። ብዥታው የሰፋው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ዩኔስኮ በ1992 ጽንሰ ሐሳቡን ወደ ዓለም ቅርስ አሠራር ካስገባ በኋላ ነው። የቅርስ መዝገብ ሥራው ላቅ ያሉትን መምረጥ ስለሆነ፣ መዝገቡ የመረጣቸው ስፍራዎች ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር አንድ ተደርገው ታዩ። በዚህ ስያሜ መጀመሪያ የተመዘገበው፣ በ1993፣ የኒውዚላንዱ ቶንጋሪሮ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የእሳተ ገሞራ ተራሮቹ ለዚህ የበቁት ለአገሩ ነባር የማኦሪ ሕዝብ ባላቸው መንፈሳዊ ትርጉም እንጂ ሰው በገነባባቸው ነገር አይደለም።

ሀገረሰባዊ ባህልና የብዙኃን ባህል የሚለያዩት አንዱ ባህል ሌላው የባህል እጦት በመሆኑ ሳይሆን በሚሠራጩበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዕውቀት በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ የቤትና የእርሻ ቅርጽ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በአንድ ቦታ ግን ለረጅም ዘመን ይጸናል። በሁለተኛው ፋብሪካ፣ መገናኛ ብዙኃን፣ ደንብና ብድር አንዱን ቅርጽ በአንድ ጊዜ ብዙ ስፍራ ስለሚያደርሱት ቦታዎች ይመሳሰላሉ፣ ቅርጹ ግን ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። የመኪና ማቆሚያውን ስፋት እንኳ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሲወስን የኖረው ለየሕንጻው ዝቅተኛውን የማቆሚያ ብዛት የሚያስገድድ የከተማ ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ የአንድ ማኅበረሰብ እሴት ከሚነበብባቸው ሰነዶች አንዱ ነው።

መልክዓ ምድር ተፍቆ እንደገና እንደተጻፈበት ብራና ነው። አዲሱ ጸሐፊ የፊተኛውን ቀለም ይፍቃል፤ በወስፌ የተሰመረው መስመር ግን በቆዳው ላይ ይቀራልና አዲሱም ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ በዚያው መስመር ይሄዳል። በጣሊያን የፖ ወንዝ ሸለቆ ሮማውያን በ710 ሜትር ገደማ አራት ማዕዘን የከፈሉት መሬት ዛሬም በመንገዶችና በቦዮች አቅጣጫ ይታያል። በካናዳዋ ኩቤክ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር የፈረንሳይ ሰፋሪዎች በቀጭን ረጃጅም ቁራጭ የተካፈሉት መሬት የዛሬውን የይዞታ ወሰን አሁንም ይመራል። ስለዚህ የብዙኃን ባህል የቀድሞውን አጠፋ ከማለት በፊት የጠፋው ቀለሙ ነው ወይስ መስመሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምሳሌው ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ብራና በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ሲኖረው፣ መሬት ግን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ብዙ ጸሐፍት አሉት።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ኤድዋርድ ሬልፍ በ1976 ስፍራዎች መለያቸውን የሚያጡበትን ሂደት «ቦታ አልባነት» ብሎ ገልጿል፤ አስተያየት ሰጪውም ወደዚህ ሐሳብ ሊጠጉ ይችላሉ። ሐሳቡ ክብደት ቢኖረውም ጊዜ ሲጨመርበት ፍርዱ ይለወጣል። በኒውዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ ከ1947 እስከ 1951 የተሠሩት ሌቪታውን የተባለው በጅምላ የተገነባ ሰፈር ከ17,000 በላይ ቤቶች የመመሳሰል ተምሳሌት ተደርገው ተተችተዋል። ባለቤቶቹ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት ፎቅ ጨመሩ፣ ጣሪያ ከፍ አደረጉ፣ ክፍል ቀጠሉ፤ ዛሬ እንደተሠራ የቀረ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የተለወጠው ቀለሙ ነው፤ ጠመዝማዛ ጎዳናዎቹና የቦታዎቹ አከፋፈል በአመዛኙ አሉ።

እዚህ ላይ ሳወርም መታረም አለበት። የጂኦግራፊ ምሁሩ ጄምስ ደንከን በ1980 እንደተቸው፣ ባህልን ከሰዎች በላይ የቆመ አድራጊ ማድረግ ውሳኔውን የወሰኑትን ይሸፍናል። የሌቪታውን የመጀመሪያ ውሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎች በቤቶቹ እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው፤ የፌዴራል መንግሥቱ የቤት ብድር ዋስትና ሥርዓትም በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መለያየት ይደግፍ ነበር። ይህን ከጣሪያው ወይም ከአጥሩ ቅርጽ ማንበብ ስለማይቻል፣ ስለ አንድ ሰፈር ገጽታ የሚጽፍ ሰው ከፎቶግራፉ ጋር ውሉንና የብድር ደንቡንም ማየት ይኖርበታል።