«ጥቁር ጉድጓድ ፀጉር የለውም»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና ኳዛር ላይ ሲደርስ የሚያስተው ነገር

አባባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ነው። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ የታመቀ አካል) የዋጠው ኮከብ ይሁን አቧራ፣ ብረት ይሁን ሃይድሮጅን፣ ውጭ ላለ ተመልካች ምልክቱ አይቀርም። ሊለኩ የሚችሉት መጠነ ቁሱ፣ ሽክርክሪቱና የኤሌክትሪክ ቻርጁ ብቻ ናቸው። በሦስቱ እኩል የሆኑ ሁለት ጉድጓዶችን የሚለይ ነገር የለም።

ዝነኛ ያደረገው አሜሪካዊው ጆን ዊለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ከሬሞ ሩፊኒ ጋር በጻፈው ጽሑፍ አስተዋወቀው። ዊለር ራሱ ግን የአባባሉ አፍላቂ ተማሪው ጄኮብ ቤከንስታይን እንደሆነ ተናግሯል። በዊለር ሐሳብ የነበረው በመላጦች የተሞላ ክፍል ነው፤ የፀጉር ርዝመት፣ ቀለምና አበጣጠር ከሌለ ሰውን ከሰው መለየት ይቸግራል። ሪቻርድ ፋይንማን ይህ በጨዋ ፊት የሚነገር አይደለም ብሎ ወቅሶታል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ከኋላው ከባድ ሒሳብ አለ፦ ቨርነር ኢዝራኤል በ1967 ለማይሽከረከሩት አረጋገጠ፤ ብራንደን ካርተርና ዴቪድ ሮቢንሰን እስከ 1975 ድረስ ለሚሽከረከሩት ቀጠሉበት።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን ጉድጓዱ የረጋና ዙሪያው ባዶ ሲሆን ነው። ኳዛር፣ ማለትም ጋዝ የሚውጥ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ያለበት እጅግ ብሩህ የጋላክሲ እምብርት፣ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማርተን ሽሚት በ1963 የሃይድሮጅን መስመሮቹ (በብርሃኑ ውስጥ ያሉት የንጥረ ነገሩ መለያ ቀለሞች) የሞገድ ርዝመታቸው በ16 በመቶ ገደማ ወደ ቀይ መሳቡን የለየበት ኳዛር 3ሲ 273 ከእኛ 2.4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ሆኖም መጠነኛ የአማተር ቴሌስኮፕ ይበቃዋል። ያ ሁሉ ብርሃን የሚወጣው ከጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው እየተፋተገ ከሚግለው የጋዝ ዲስክ ነው። ስለዚህ «ኳዛሮች ሁሉ አንድ ናቸው፣ ፀጉር የላቸውማ» የሚል ሰው አባባሉን ያለቦታው ተጠቅሟል። መላጣው ጉድጓዱ ነው፤ ዲስኩ፣ የአቧራ ቀለበቱና የጄቱ (ከመሃል በኃይል የሚወረወረው ቀጭን ጅረት) ፍንጣቂ የእሱ አካል አይደሉም።

ከሦስቱ መለኪያዎች ቻርጁን መተው ይቻላል። ጉድጓዱ ቻርጅ ቢይዝ እንኳ በዙሪያው ካለው ፕላዝማ (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ከሞሉት ጋዝ) ተቃራኒውን እየሳበ ወዲያው ያጣዋል። ሽክርክሪቱ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። በማይሽከረከር ጉድጓድ ዙሪያ ጋዝ ሳይወድቅ ሊዞርበት የሚችለው የመጨረሻ ምህዋር፣ ለእያንዳንዱ የፀሐይ መጠነ ቁስ ከመሃል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጋዙ እዚያ እስኪደርስ ከመጠነ ቁሱ 5.7 በመቶው ወደ ጉልበት ይለወጣል። በኃይል በሚሽከረከር ጉድጓድ ምህዋሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ በስሌት ቁጥሩ እስከ 42 በመቶ ይደርሳል። ፀሐይ ሃይድሮጅንን ስታዋህድ የምታተርፈው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። መካከለኛውን 10 በመቶ ብንወስድ፣ በዓመት አንድ ፀሐይ የሚያህል ጋዝ የሚውጥ ጉድጓድ የ1.5 ትሪሊዮን ፀሐዮችን ያህል ያበራል።

ሽክርክሪቱን ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዲስኩ የሚመጣው የብረት ኤክስሬይ መስመር ነው። መነሻው 6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ሲሆን፣ የመስመሩ ጅራት ወደ ዝቅተኛው ጉልበት በረዘመ ቁጥር ጋዙ ለጉድጓዱ ቀርቧል፣ ሽክርክሪቱም ከፍ ያለ ነው ይባላል። ችግሩ በመንገዱ ላይ ያለ ጋዝ ኤክስሬዩን ሲሸፍን ተመሳሳይ ቅርጽ ሊፈጥር መቻሉ ነው። አንድ ሰሞን የተለካን ሽክርክሪት እንደ ቁርጥ ያለ ቁጥር መውሰድ የማይገባው ለዚህ ነው።

በኳዛሮችና በመሰሎቻቸው መካከል ያለው የዓይነት ልዩነትም ብዙውን ጊዜ ከጉድጓዱ አይመጣም። ኤንጂሲ 1068 ጠባብ መስመሮች ብቻ ያሉት ጋላክሲ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1985 አንቶኑቺና ሚለር ፖላራይዝድ ብርሃኑን (ተንጸባርቆ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን) ለይተው ሲያዩ ሰፋፊ መስመሮች ተደብቀው አገኙ፤ በጎን ስለምናየው የአቧራ ቀለበቱ ነበር የጋረዳቸው። የምናይበት ማዕዘን ጉዳይ ግን ሁሉን አይፈታም፤ ኃይለኛ የሬዲዮ ጄት ያለው ኳዛር ከሌለው ለምን እንደሚለይ በማዕዘን ብቻ አይገለጽም።

ጉድጓዱ ራሱ «ፀጉር» የሚያበቅልበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ሁለት ጉድጓዶች ሲዋሃዱ። በ2015 የስበት ሞገድ መለኪያው ላይጎ በመዘገበው ውህደት የተፈጠረውና 62 ፀሐይ ገደማ የሚመዝነው ጉድጓድ፣ የተዛባ ቅርጹን በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች አራግፎ ረጋ። የስበት ሞገዱ «ድምፅ» ሲከስም የሚሰማው ቃና እና የአከሳሰሙ ፍጥነት መጠነ ቁስንና ሽክርክሪትን ይሰጣሉ፤ ሁለት ቃናዎች ተለክተው ውጤታቸው ካልተስማማ አባባሉ ተሰብሯል ማለት ነው። ሚሊዮን እጥፍ ለሚገዝፍ ጉድጓድ ያው ክስመት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ቃናውም በዚያው ልክ ስለሚወርድ የምድር ንዝረት ይውጠዋል። እሱን ለመስማት በ2030ዎቹ አጋማሽ ሊመጥቅ የታቀደው የጠፈር የስበት ሞገድ መለኪያ ሊሳ ያስፈልጋል።