የጥራት ማረጋገጫ ፍተሻ ምንድን ነው? ከሐዋሳ የስፌት መስመር እስከ ባንክ ሶፍትዌር

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሰፍቶ ካርቶን የገባ ሸሚዝ፣ ከሲዳማ ወረዳዎች መጥቶ ለቅምሻ የቀረበ ቡና፣ በከተማው ዳርቻ በሚነሣ ሕንፃ ላይ የሚፈስ አርማታ፣ በፋርማሲ የተደረደረ ኪኒንና በእጅ ስልክ የምንከፍተው የባንክ መተግበሪያ በመልክ አይገናኙም። የሚያገናኛቸው አንድ ሥራ ነው። እኛ እጅ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው አይቶ፣ ለክቶ፣ ቀምሶ ወይም ሰብሮ «ይለፍ» አለያም «ይቁም» ማለት አለበት። ይህ ሥራ የጥራት ማረጋገጫ ፍተሻ ይባላል።

በቀላሉ ለማስቀመጥ፣ አንድ ምርት ወይም አገልግሎት አስቀድሞ የተጻፈለትን መስፈርት ማሟላቱን በታወቀ ዘዴ መርምሮ ውጤቱን በመዝገብ ማስፈር ነው። «አስቀድሞ የተጻፈ» የሚለው ላይ አጥብቄ እቆማለሁ፤ ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ሁልጊዜ ለዕቃው ልክ ሆኖ ይገኛልና። ዘዴውም ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። ጠዋት አንዷ ፈታሽ የጣለችውን ሸሚዝ ከሰዓት በኋላ ሌላው የሚያሳልፈው ከሆነ፣ መዝገቡ ስለ ሸሚዙ የሚነግረን ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ዘርፉ ይለያያል። ልዩነቱን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ይመስሉኛል፦ ይህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ምንድን ነው? የፍተሻው መልስስ የሚደርሰው ነገሩን ማቆም ገና በሚቻልበት ሰዓት ነው ወይስ ካለፈ በኋላ?

ከስፌት ልነሣ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሐዋሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ የጥራት ፍተሻን ያወቁት በስፌት መስመር ላይ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ 2,000 ሸሚዝ ተጠናቆ ሲታሸግ የገዢው ወኪል ሁሉንም አይፈትሽም፤ ናሙና ያወጣል። አይሶ 2859-1 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በተለመደው የፍተሻ እርከን፣ ከ1,201 እስከ 3,200 ለሚደርስ ጭነት የሚወጣው ናሙና 125 ነው። ለከባድ እንከን የተቀመጠው ወሰን 2.5 በመቶ ከሆነ፣ ከ125ቱ እስከ 7 እንከን ያለባቸው ቢገኙ ጭነቱ ያልፋል፤ 8 ከተገኙ ይመለሳል። የተዘለለ ስፌት፣ ግራና ቀኙ ያልተካከለ ኮሌታ፣ የማሽን ዘይት ጠብታ ከባድ ይባላሉ። ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ቀላል ነው። በልብሱ ውስጥ የቀረ የመርፌ ስባሪ ግን የሰው አካል ስለሚወጋ የሚፈቀደው መጠን ዜሮ ነው።

የዚህ ሒሳብ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካው የቤል ስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሆን ዋልተር ሸዋርት፣ ሃሮልድ ዶጅና ሃሪ ሮሚግ ስማቸው አብሮ ይነሣል። ሁሉንም መፈተሽ ሳይቻል ሲቀር ከጥቂቱ ተነሥቶ ስለ ብዙው ለመፍረድ የሚያስችል መሣሪያ ሰጥተውናል። መሣሪያው ግን ወሰን አለው፤ ይህን ወሰን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ራሱን ያታልላል። ከ2,000ው ሸሚዝ 100ው፣ ማለትም 5 በመቶው፣ እንከን ያለበት ነው እንበል። ከወሰኑ እጥፍ ነው። ሆኖም ከ125 ናሙና ውስጥ በአማካይ የሚገኙት እንከኖች 6 ያህል ብቻ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ጭነት ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ ያህል ያልፋል። እንከኑ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ከ10 ጊዜ ከ9 በላይ ይያዛል። የመጨረሻ ፍተሻ እጅግ የተበላሸውን ያቆማል፤ መጠነኛውን ብልሽት በአብዛኛው ያሳልፋል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ፋብሪካ ፍተሻውን ወደ መነሻው ይስበዋል። ጣቃው ገና ሳይቆረጥ በብርሃን ጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ ይታያል፤ እስከ 3 ኢንች የሚደርስ ጉድለት 1 ነጥብ፣ ከ9 ኢንች በላይ የሆነ 4 ነጥብ ይያዝበትና ድምሩ ከበዛ ጣቃው ለመቁረጫ ክፍል አይሰጥም። ዋናው ምርት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ልብስ ተሰፍቶ መስመሩ ይሞከራል፤ ምጣዱ መስማቱ በማሟሻው እንደሚታወቅ ሁሉ የመስመሩ ዝግጁነትም በእነዚያ ጥቂት ልብሶች ይታወቃል። ጉድለትን ከመልቀም ጉድለት እንዳይፈጠር ወደ ማድረግ የሚደረገው ይህ ሽግግር የጥራት ማረጋገጥ ዋና ሐሳብ ነው።

መርፌ ሲሰበር የሚደረገው ደግሞ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ኦፕሬተሯ እጇን ታነሣለች፤ ማሽኑ ይቆማል። ስባሪዎቹ ከወለሉ፣ ከማሽኑ ሥርና ከልብሱ እጥፋት አንድ በአንድ ተለቅመው ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ተገጣጥመው ሙሉ መርፌ መውጣታቸው ከታየ በኋላ ቀኑ፣ ሰዓቱና የማሽኑ ቁጥር ተጽፎ፣ ተፈርሞ አዲስ መርፌ ይሰጣታል። አንዲት ጫፍ ከጎደለች በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ስባሪዋ ካልተገኘች ልብሱ አይሄድም። የፍተሻን ምንነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሰዓት የሚቆጠር የምርት ዕቅድ ያለባት ሠራተኛ ማሽኗን እንድታቆም የሚያዝ ሥርዓት ነውና። የማቆም ሥልጣን ያልተሰጠው ፈታሽ ቅጽ ከመሙላት ያለፈ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ወደ ቡና ስንመጣ መለኪያው የሰው ምላስ ነው። «ምላስ እንዴት መለኪያ ይሆናል?» የሚሉ አሉ። የሚሆነው ምላሱን የሚገዛ ሥርዓት ስላለ ነው። ሐዋሳ የሲዳማና የአካባቢው ቡና ተመርምሮ ደረጃ የሚወጣለት ከተማ በመሆኗ ይህን ሥርዓት በቅርብ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ጥሬው ይመረመራል፤ እርጥበቱ ይለካል፣ 300 ግራም ተመዝኖ ጥቁሩ፣ የኮመጠጠውና ነፍሳት የቦረቦረው ፍሬ እየተለቀመ ይቆጠራል። ከዚያ ተቆልቶ ቅምሻ ይከተላል። በገዢዎች ዘንድ በስፋት በሚሠራበት አሠራር ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ማለት ነው።

አምስት ስኒ ለምን? ምስጢሩ አፈጫጨቱ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ስኒ ፍሬ ለብቻው ተመዝኖ ለብቻው ይፈጫል። አንድ የተበላሸ ፍሬ ቢኖር አንድ ስኒ ውስጥ ብቻ ይገባና ያን ስኒ ያጋልጠዋል፤ ሁሉም በአንድነት ቢፈጭ ግን መጥፎው ጣዕም በአምስቱ ላይ ሳስቶ ይደበቃል። ናሙናው የሚታወቀው በቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይደለም። ውኃው ከፈሰሰ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቀማሹ ጎንበስ ብሎ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቡና በማንኪያ ይሰብራል፣ ያሸታል፣ ሲቀዘቅዝ ደጋግሞ ይቀምሳል፤ ሁሉም ነጥቡን ጽፎ ሳይጨርስ ማንም ለጎረቤቱ አይናገርም። በሀገራችን አሠራር የታጠበ ቡና ከመቶ 40 ነጥቡን ከጥሬው፣ 60ውን ከስኒው ያገኛል። ስለዚህ አርሶ አደሩና አጣቢው የሚፈሩት የስሙን መጥፋት ነው። በአንድ የኮመጠጠ ስኒ ምክንያት ደረጃው ወርዶ የተሸጠ ቡና የዓመት ድካምን ይዞ ይሄዳል። ጥሩ ቀማሽ ይህን እያወቀም ነጥቡን አይጨምርም፤ ለዚህ ሙያ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

መድኃኒት ላይ ፍርሃቱ ይከብዳል፤ ተጠቃሚው በራሱ ምንም ማወቅ አይችልም። የተበላሸ ወተት ይሸታል፤ ንጥረ ነገሩ የጎደለ የወባ ኪኒን ግን በመልኩም በጣዕሙም ከደህናው አይለይም። በቤተ ሙከራ ስድስት ኪኒኖች በስድስት ብርጭቆ፣ የሰውነት ሙቀት በሆነው 37 ዲግሪ ፈሳሽ ውስጥ ገብተው እየተማሰሉ፣ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህሉ መድኃኒት እንደሟሟ ይለካል። የማይሟሟ ኪኒን ተውጦ እንደገባ ይወጣል። የተፈተሸው ስድስት ኪኒን ጠፍቷል፤ ስለቀሩት የሚመሰክረው ሁሉም በአንድ ድብልቅ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መሠራታቸውን የሚያሳየው መዝገብ ነው።

ፍተሻ ተደርጎም ጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ አዘጋጀ። ከመሸጡ በፊት መልኩን፣ ጣዕሙንና ሽታውን ፈተሸ፤ ሦስቱንም አለፈ። ማሟሚያው ዳይኢትሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ነበር፤ መርዛማነቱን ግን ማንም አልፈተሸም። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ሕግ ተለወጠ። ያው መርዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ለሕፃናት በተሰጠ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሰማንያ አምስት ዓመት ልዩነት አንድ ዓይነት ሞት መድገም ያሳዝናል፣ ያስቆጣልም። ሽሮፑ የሚበጠበጥበት ጥሬ ዕቃ ወደ ምርት ከመግባቱ በፊት መርዝ አለመሆኑ ተመርምሮ ቢሆን በሁለቱም ጊዜ ማቆም ይቻል ነበር።

አርማታ ደግሞ ሰዓት የሚፈትነው ዘርፍ ነው። ድብልቁ በሚፈስበት ቀን በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ቅርጽ ኩብ ይሞላል፤ ውኃ ውስጥ ይቆይና ከፊሉ በ7ኛው፣ ከፊሉ በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ሲ-25 የሚባለው አርማታ ኩቡ ወደ 57 ቶን የሚጠጋ ጭነት መሸከም አለበት። ችግሩ የ28ኛው ቀን ውጤት ሲመጣ ከዚያ ኮለን በላይ ሌላ ሶሌታ ተሞልቶ ሊሆን መቻሉ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለተቆረቆረችው ሐዋሳ፣ መሬት ሊነቀነቅ በሚችልበት አገር፣ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለዚህ ነው የዕለቱ ፍተሻ የሚበልጥብኝ። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ቅርጽ በሦስት ንብርብር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ንብርብር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ይወጋል፣ ቅርጹ ቀስ ተብሎ ሲነሣ አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ከተቀመጠው ወሰን በላይ ከተንሸራተተ ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ገና ስላልፈሰሰ መመለስ ይቻላል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ኩቡም ቢሆን ከሚፈሰው ድብልቅ መወሰድ አለበት። ለኩቡ ብቻ ሲሚንቶ ተጨምሮበት የተዘጋጀ ናሙና ስለ ሕንፃው የሚናገረው ሐሰት ነው፤ ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሰው ኩቡ ሲሞላ አማካሪ መሐንዲሱ በቦታው መኖሩን ይጠይቅ።

ሶፍትዌር ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከተለቀቀ በኋላም ማረም ስለሚቻል ነው። ይህ ጸጋም ፈተናም ነው፤ «ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ስንፍና ያመጣል። እዚህ ዋናው ስጋት አዲስ የተጨመረው ነገር በፊት ይሠራ የነበረውን ማበላሸቱ ነው። ስለዚህ ፈታሾች ማንኛውም ለውጥ በተደረገ ቁጥር የቆዩትን ሙከራዎች በሙሉ ደግመው ያካሂዳሉ፤ ሒሳቡ ላይ 100 ብር ያለው ሰው 200 ብር ሲጠይቅ ሥርዓቱ ይከለክላል ወይ? ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ገንዘቡ ከማን ዘንድ ይቀራል? አንድ ሰው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቢጫን ሁለት ጊዜ ይከፈላል? መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበት ሌሊት የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለሀገር ሁሉ አሳይቷል። የሮኬቱም ዓለም ከዚህ አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ከተነሣ ከ37 ሰከንድ ገደማ በኋላ መሥመሩን ስቶ ፈነዳ። ምክንያቱ ከአሪያን 4 የተወሰደ የፕሮግራም ክፍል በአዲሱ ሮኬት የበረራ ሁኔታ ሳይሞከር መቅረቱ ነበር።

ትልልቆቹን ዘርፎች አነሣሁ እንጂ ፍተሻ ላቦራቶሪ ላላቸው ብቻ የተተወ አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና የሕፃናት ምጥን እያሸጉ ለሱቅ የሚያቀርቡ ብዙ እናቶችና ማኅበራት አሉ። የእነሱ ትልቁ ስጋት እርጥበት ነው፤ በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙ ደግሞ በመፍጨትም በማብሰልም በአስተማማኝ አይጠፋም። እንግዲህ የሚሠራው ፍተሻ ከወፍጮ በፊት ያለው ነው። ጆንያው ሲገባ ይከፈት፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከሥሩም ይዘገን፣ የሻገተው ከታየ ጆንያው ሙሉ ይመለስ። የተቀበሉትን ጆንያ ሁሉ ቁጥር ስጡት፤ ያ ቁጥር በተፈጨበት ቀንና በማሸጊያው ላይም ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ፍጭት አንድ እሽግ በደረቅ ቦታ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው እስኪያልፍ አስቀምጡ። አንድ ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ የእሱን እሽግ ካስቀመጣችሁት ጋር ማስተያየት፣ ካስፈለገም ሁለቱንም ወደ ላቦራቶሪ መላክ ትችላላችሁ፤ ችግሩ የእናንተ ሆኖ ከተገኘም የዚያ ጆንያ ምርት የትኛው ሱቅ እንዳለ ከመዝገቡ አይታችሁ በዚያው ቀን ታስመልሳላችሁ።