«ካፍ ከወጣ አፋፍ»፦ ተረቱና የጥላቻ ንግግር

ይህን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሆነን ያልሆነ ነገር ሲያመልጠን የምንሰማው እሱን ነው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የለውም። «ካፍ ከወጣ» ይልና «አፋፍ» ላይ ያቆማል። የቀረውን ሰሚው ይጨርሰው።

ፍቺውን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «የተነገረ ቃል አይመለስም» ብለን እናልፋለን። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። አፋፍ የገደል ጫፍ ነው፤ ደገኛ በደንብ ያውቀዋል። ሜዳው ድንገት ያልቅና መሬቱ ቁልቁል ወደ ቆላ የሚወርድበት ቦታ። አማርኛ ደግሞ የጉድጓዱንም፣ የማሰሮውንም፣ የጠመንጃውንም ክፍት ጫፍ «አፍ» ይለዋል። አፋፍም የዚሁ የ«አፍ» ዘመድ ይመስለኛል። ስለዚህ ተረቱ ቤት የሚመታው ለጆሮ እንዲያምር ብቻ አይደለም። ከሰው አፍ የወጣው ቃል ወዲያው የምድሩ አፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

ሌላም ነገር አለ። አፋፍ የመጣሪያ ቦታ ነው። ስልክ በሌለበት አገር ከብት ሲጠፋ ወይም መርዶ ሲኖር አንዱ አፋፍ ላይ ይወጣና እጁን አፉ ላይ ከቦ «እገሌ ሆይ!» ብሎ ይጣራል። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት በምሄድበት አገር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠሪው የሚጮኸው አንዴ ነው። የገደል ማሚቶ ግን ተቀብላ ሁለቴ ሦስቴ ትመልሰዋለች፤ ከማዶም ሰው ይቀበልና ከእሱ ኋላ ላለው ያሻግራል። መጨረሻ ላይ ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም። እኔ ተረቱን ስሰማ የሚታየኝ ይሄ ነው። ቃሉ አለመመለሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ ሩቅ መሄዱ፣ ሌላም አፍ ማግኘቱ።

አሁን ወዳነሳሳኝ ነገር ልግባ። የጥላቻ ንግግር የመናገር ነፃነት አካል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም፤ እኔም አንድ የማልረሳው ነገር አለኝ።

የሰሜኑ ጦርነት በጋመበት ሰሞን ነው። የድሮ የክፍል ጓደኞች የተሰባሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። ሠርግ፣ ልደት፣ ለቅሶ የምንነጋገርበት። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስለ አንድ ብሔር ተወላጆች አንድ መስመር ጻፈ። አልደግመውም። የነፍሳት ስም ነበረበት፣ «ማጽዳት» የሚል ቃልም ነበረበት። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ አጠፋው፤ «ስሜታዊ ሆኜ ነው፣ ይቅርታ» አለ። ማታ ላይ ግን ያንኑ መስመር ሌላ ግሩፕ ውስጥ አየሁት። ስክሪንሹት ተነሥቷል፣ የጻፈው ሰው ስም ተቆርጧል፣ ከሥሩ የጭብጨባና የእሳት ኢሞጂ ተደርድሯል። ከመካከላችን የዚያ ብሔር ተወላጅ የሆነች አንዲት ጓደኛችን ነበረች። ምንም አልመለሰችም። በማግስቱ ጠዋት ግሩፑን ለቅቃ ወጥታ አገኘናት።

ልጁ ዛሬ ነገሩን አያስታውሰውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ይናገር፣ ከተሳሳተ በንግግር ይታረማል» የሚለውን ሐሳብ ስሰማ ልቤ ሙሉ ለሙሉ የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡን አልንቀውም። አሜሪካኖች በጣም ተጨንቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን የኦሃዮ መሪ በነበረው በብራንደንበርግ ላይ የተላለፈውን ቅጣት ሻረ። ንግግሩ ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት ለማስነሣት የታለመ፣ ያንንም ሊያስነሣ የሚችል ካልሆነ መንግሥት ሊቀጣው አይችልም አለ። ይህን ያህል ርቀው የሄዱት ዛሬ ዘረኛውን ዝም የሚያሰኝ ሥልጣን ነገ ዘረኝነትን የሚቃወመውንም ዝም ያሰኛል ብለው ስለሚሰጉ ነው። ስጋቱ እውነት ነው። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ግን ተናጋሪና ሰሚ አንድ አደባባይ ላይ ለቆሙበት ጊዜ ይሠራል። አንድ ሰው ዋሽንግተን አካባቢ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ በዩቲዩብ ላይቭ ሲናገር፣ የሚሰማው ሰው በነጋታው አገር ቤት ጎረቤቱን በሌላ ዓይን ያያል። አፋፉ እዚያ ሆኖ ገደሉ እዚህ ነው።

ሩዋንዳን ማንሳት ግድ ነው። አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፣ የቱትሲዎቹ ጭፍጨፋ ደግሞ በ1994። በመሐሉ ያሉት ወራት ሙዚቃ፣ ቀልድና «ኢንየንዚ» የሚል ቃል ነበሩ፤ በረሮ ማለት ነው። በረሮን ማንም ሰው ሲገድል አያዝንም፣ ቃሉም የተመረጠው ለዚሁ ነው። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱን፣ ከአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጋር ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ሰዎቹ የተፈረደባቸው በንግግራቸውና ንግግሩን በሚያሰራጨው ድርጅታቸው ጭምር ነው።

ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ምን ዓይነት ሕግ ሲባል ግን እፈራለሁ፣ ደግሞም የምፈራበት ምክንያት አለኝ።

ተረቱን ማን ለማን ነው የሚናገረው? እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው። ተናጋሪው ራሱን እንዲጠብቅ የሚሰጥ ምክር ነው። ይህንኑ ቃል አለቃ ለሠራተኛው፣ ባለሥልጣን ለጋዜጠኛ ሲለው ዛቻ ይሆናል። እኛ ይህን አይተናል። በ652/2001 የፀረ ሽብር አዋጅ ዘመን፣ ሚያዝያ 2006 ላይ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። የሽብር ክሱ በኋላ አልጸናባቸውም። ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ግን ነው። ሰፊ ቃል ያለበት ሕግ መጀመሪያ የሚይዘው የሚጽፉ ሰዎችን ነው።

አሁን ያለን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው፤ መጋቢት 2012 የወጣው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል፤ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜና፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት በር ከፍቷል፤ ይህ ጥሩ ነው። የሚያስፈራኝ «ጥላቻ» የሚለው ቃል ብቻውን መቆሙ ነው። ጥቃት ይታያል፣ መድልዎም ማስረጃ አለው፤ ልብ ውስጥ ያለን ጥላቻ ግን መርማሪ ፖሊስ በምን ይለካዋል? መንግሥትን መዝለፍ፣ ታሪክን መከራከር፣ የሃይማኖት አባትን መጠየቅ አንዳንዱን ሰው እስከ አጥንቱ ያስቆጣዋል። ያስቆጣው እንጂ፣ ይነገር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ የራባት ዕቅድ የሚባል መመሪያ አለው። አንድ ንግግር ወንጀል ነው ከማለታችሁ በፊት ስድስት ነገር ጠይቁ ይላል፦ ሁኔታው፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ዓላማው፣ ይዘቱና አቀራረቡ፣ ምን ያህል እንደተሰራጨ፣ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ። ሳነበው ተረቱ ትዝ አለኝ። ማን ነው የተናገረው፣ እስከ የት ተሰማ ማለት አፋፉ ምን ያህል ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። የእኛም አዋጅ ቅጣት ሲያከብድ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለውን ገጽ ለይቶ ይጠቅሳል። ነገሩን ደርሶበታል። ታዲያ ለምን ከሁሉ ከፍ ያለው አፋፍ ላይ ያሉት አይነኩም? በጦርነቱ ጊዜ «አረም»፣ «ካንሰር» የሚሉ ቃላትን ከሥልጣን ወንበር ላይ ሰምተናል። ገበሬ አረምን ምን እንደሚያደርገው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚህ የተከሰሰ ባለሥልጣን ግን እኔ አላየሁም።

የገደል ማሚቶዋም ባለቤት አላት። አባቱ በፌስቡክ ስማቸው ከተለጠፈ በኋላ የተገደሉበት ኢትዮጵያዊ፣ ታኅሣሥ 2015 ላይ ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያው ቃሉን ዝም ብሎ ማስተናገዱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ቃሉን አጉልቶ ማሰራጨቱ ነው። በ2017 የናይሮቢው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ሁላችንም ልንከታተለው የሚገባ ክስ ነው።

ስለዚያች ጓደኛችን ግን ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው እንቁጣጣሽ አንዳችን «ግሩፑ ውስጥ እንመልሳት» አለና ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ነበርኩ የደወልኩላት። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ሳቀች፣ መልካም ዓመት ተባባልን። ስለ ግሩፑ ሳነሳባት ትንሽ ዝም አለችና «እሱ ይቅርብኝ፣ አንተ ደውልልኝ እንጂ» አለችኝ። እየደወልኩላት ነው።