አይሁዳዊ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ሲከዳን «ይሁዳ!» እንላለን። ስሙን ጥላሸት የቀባው የአስቆሮቱ ይሁዳ ነው እንጂ ስሙስ ሲወጣ የምስጋና ስም ነበር። ልያ አራተኛ ልጇን ስትወልድ እግዚአብሔርን አመሰገነችና ይሁዳ አለችው (ዘፍ. 29፥35)። የነገሥታቶቻችን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚጠራው ያንን ልጅ ነው። አይሁድ የሚለው ቃልም ከእሱ መጣ። አንዱ አይሁዳዊ፣ ብዙዎቹ አይሁድ።

ታዲያ አብርሃም አይሁዳዊ ነበር? አይደለም። ይሁዳ ገና አልተወለደም፤ መጽሐፉም አብርሃምን «ዕብራዊ» ነው የሚለው። ሙሴም ቢሆን ከሌዊ ነገድ ነው።

ከሰሎሞን በኋላ መንግሥቱ ተከፈለ። ሰሜኑ እስራኤል፣ ደቡቡ ይሁዳ ተባለ። አይሁድ የተባሉት መጀመሪያ የደቡቡ ሰዎች ናቸው። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 16ን ገልጣችሁ እዩ። የሶርያው ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው ኢየሩሳሌምን ይከብባሉ። ቁጥር 6 ላይ ረአሶን አይሁድን ከኤላት ያባርራል። ልብ በሉ፤ እስራኤል የቆመው ከአይሁድ ጠላት ጎን ነው! እኔ ይህን ጥቅስ ልብ እስክለው ድረስ ሁለቱ ስሞች ሁልጊዜ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ሰማርያ በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሦር፣ ኢየሩሳሌም በ586 በባቢሎን እጅ ወደቁ። ከምርኮው ወዲህ ቃሉ ሰፋ። መርዶክዮስ ብንያማዊ ሆኖ ሳለ አስቴር 2፥5 «አይሁዳዊ» ይለዋል። ጳውሎስም ከብንያም ወገን ነው፤ ግን «አይሁዳዊ ነኝ» ይላል። አስቴር 8፥17 ላይ ደግሞ ከሌላ ሕዝብ የመጡ ሰዎች አይሁድ ይሆናሉ። ቃሉ ከነገድ አልፎ የሕዝብና የእምነት ስም ሆነ ማለት ነው።

በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው የዮሐንስ ወንጌል ነው። 20፥19 ላይ ደቀ መዛሙርቱ «አይሁድን» ፈርተው በር ዘግተው ተቀምጠዋል። እነሱስ ማን ነበሩ? አይሁድ! የፈሩት ሕዝባቸውን ሁሉ ሳይሆን የካህናት አለቆችንና ሹማምንቱን ነው። 4፥22 ላይ ጌታ ራሱ «መዳን ከአይሁድ ነው» ይላል። ስለዚህ «አይሁድ ሰቀሉት» እየተባለ ሕዝቡ በሙሉ ሲወቀስ ስሰማ ልቤ ይደማል። ሞት የፈረደው ጲላጦስ፣ ሚስማሩን የመቱት የሮም ወታደሮች ናቸው። መስቀሉ ሥር ቆማ ያለቀሰችው እናቱም አይሁዳዊት ናት።